እሳቱን ማን ይጠብቀው?
በሥጋ ማጠኛ ምድጃ ላይ ስለሚገጠመው የሙቀት መቆጣጠሪያ የቀረበ ሂስ

በሰው አገር ስንኖር ከለመድናቸው ነገሮች አንዱ ስሞከር የሚባለው፣ ሥጋን በጢስ የሚያበስለው ምድጃ ነው። ዱሮ የሐበሻ ቤት ጓሮ ቢገቡ ቢበዛ የጥብስ ከሰል ማንደጃ ያገኙ ነበር። ዛሬ ግን ለክርስትናው፣ ለልደቱ፣ ለልጅ ምርቃቱ ፍርምባውን ሌሊቱን ሙሉ በኦክ ወይም በሂኮሪ ጢስ አብስሎ የሚያቀርብ ወገን በየከተማው አይጠፋም። ነገሩም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የወተቱን ዕቃ በወይራ ስታጥን፣ ቋንጣውን ከምድጃው በላይ ስትሰቅል የኖረች እናት ያሳደገችው ሰው ጢስ ቅመም መሆኑን ለማወቅ ቴክሳስ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ምድጃውን የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ጠብቆ የሚያድር የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ልግጠምበት ወይስ ይቅርብኝ? ዋጋው እንደ ዓይነቱ ከመቶ ዶላር አካባቢ ተነሥቶ ጥቂት መቶ ዶላር ይደርሳል። ገንዘቡ ቀላል ባይሆንም የነገሩ ክብደት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዕቃው የሚገጠመው እሳት ላይ ነው፤ የሚበስለውም ልጆችና ሽማግሌዎች የሚበሉት ሥጋ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚለውንም፣ ተቃዋሚው የሚለውንም ከመቀበላችን በፊት ሁለቱንም ማመዛዘን ይገባናል።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። በምድጃው የታችኛው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ይገጠማል። አንድ ሙቀት የሚለካ ሽቦ ከሥጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሌላው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ የፈለገውን ሙቀት፣ ለምሳሌ 250 ዲግሪ ፋራናይት (121 ሴልሺየስ) ብሎ ያዛል። ሙቀቱ ሲወርድ ማራገቢያው ይነፋል፤ ሲወጣ ያቆማል። የስሌቱ ስም ፒ አይ ዲ ነው። ስሌቱን ኒኮላስ ሚኖርስኪ የተባለው የሩሲያ ተወላጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ መርከብ አመራር ባሳተመው ጽሑፍ አብራርቶታል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ አሁን ከዒላማው ስንት ርቀናል? እስካሁን ምን ያህል ርቀን ቆየን? ወዴትስ፣ በምን ፍጥነት እየሄድን ነው? ሚኖርስኪ ወደዚህ የደረሰው መርከብ መሪ ጨብጠው የሚነዱ ሰዎች የሚያደርጉትን አስተውሎ ነው። በማገዶ እንጀራ የምትጋግር ሴትም እንጨቱን ወደ ውስጥ ስትገፋና ወደ ውጭ ስትስብ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች በዓይኗና በመዳፏ ትመልሳለች። እንግዲህ መሣሪያው ጥበቡን የተማረው ከባለሙያ እጅ ነው ማለት ነው።

ሻጮች አስቀድመው የሚያሞግሱት ትክክለኛነቱን ነው። ሂሳችንንም ከዚሁ እንጀምር። ፍርምባ ያን ያህል ትክክለኛነት አይጠይቅም። ይህ ሥጋ የከብቱን ክብደት ተሸክሞ የኖረ ጡንቻ በመሆኑ ጠንካራ ነው። የሚያለሰልሰው በውስጡ ያለው ኮላጅን ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ሲለወጥ ነው። ለዚህም የሥጋው መሐል ከ160 ፋራናይት (71 ሴልሺየስ) በላይ ሆኖ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ብዙ አብሳዮች ከእሳት የሚያወጡት 200 ፋራናይት (93 ሴልሺየስ) አካባቢ ሲደርስ ነው። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ፍርምባ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህን ያህል ረጅም ጊዜ ውስጥ የምድጃው ሙቀት ለሩብ ሰዓት ሃያ ዲግሪ ቢወጣ ወይም ቢወርድ የሥጋው መሐል ወሬውንም አይሰማ። የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት የቀትሩን ሐሩር ቶሎ ወደ ውስጥ እንደማያስገባ ሁሉ፣ ወፍራም ሥጋም የውጩን መውጣትና መውረድ እያለዘበ ነው የሚቀበለው። ከ225 እስከ 275 ፋራናይት (ከ107 እስከ 135 ሴልሺየስ) ባለው ስፋት ውስጥ መልካም ፍርምባ ይወጣል። የኩሽናችን ኦቨን እንኳ በመብራትና በመጥፋት መካከል ብዙ ዲግሪ ይዋዥቃል፤ ድፎ ዳቦውን ግን እንጋግርበታለን።

እንዲያውም ሰውን ከሁሉ የሚያሸብረውን ችግር መቆጣጠሪያው አይነካውም። የሥጋው ሙቀት ወደ 150 ወይም 160 ፋራናይት ሲደርስ ቆሞ ይቀራል፤ ለሰዓታት ንቅንቅ አይልም። ጀማሪው እሳቱ የደከመ ይመስለውና ከሰል ይጨምራል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሥጋው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን ለመረዳት አገር ቤት ጥላ ሥር የተቀመጠውን እንስራ ማስታወስ ይበቃል። ሸክላው ውኃ ወደ ውጭ ያዣል፣ ያዣው ውኃ ይተናል፣ በውስጡ የቀረው ውኃ ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱም መታገሥ ወይም ሥጋውን በወፍራም ወረቀት አለዚያም በፎይል መጠቅለል ነው። በዚህ ሰዓት ምድጃው በአንድ ዲግሪ ቢጠበቅ ባይጠበቅ ለውጥ የለውም።

ምስክር ካስፈለገ፣ በቴክሳስ ሌክሲንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ስኖውስ የተባለ ምግብ ቤት አለ። ቴክሳስ መንዝሊ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኋላም በ2017 ከግዛቱ ሁሉ አንደኛ ብሎታል። ለዚህ ያበቁት ቱትሲ ቶማኔትዝ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ እመቤት ናቸው። የተካኑበትም ሥራ ፍም በአካፋ እየዛቁ ከሥጋው ሥር መበተን ነው። በአንደኛነት የተሸለመው ሥጋ የተሠራው በአካፋ ከሆነ፣ «ያለ ትክክለኛ መቆጣጠሪያ ጥሩ ሥጋ አይገኝም» የሚለው የሻጭ ቃል ውድቅ ነው።

ሁለተኛው የሻጮች ቃል «አስተካክለው፤ ከዚያ እርሳው» የሚል ነው። ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው እላለሁ። መሣሪያው ማድረግ የማይችላቸውን አንድ በአንድ እንቁጠር። ማራገቢያ እሳት ያቀጣጥላል እንጂ አያጠፋም። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም፣ በየስንጥቁ አየር የሚያስገባ ርካሽ ምድጃ ከሆነ፣ ማራገቢያው ቆሞም እሳቱ እየጋለ ይሄዳል፤ መሣሪያው ቁጥሩን እያሳየ ከመጮህ በቀር አቅም የለውም። ሥጋውን ለማየት ክዳኑን ሲከፍቱ ደግሞ ሙቀቱ በድንገት ይወርዳል። መሣሪያው እሳቱ የሞተ ይመስለውና ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል። ክዳኑ ሲዘጋ ሙቀቱ ከታዘዘው በላይ ዘሎ ይገኛል። የመለኪያው ሽቦ ከፍሪጅ ከወጣ ቀዝቃዛ ሥጋ ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠም የሚያነበው በሥጋው ዙሪያ ያለውን ብርድ ነው፤ ስለዚህ ምድጃውን ካስፈለገው በላይ ያግለዋል። በመጨረሻም መሣሪያው ጢስ አያይም። ነጭና ወፍራም ጢስ እሳቱ መታፈኑን ይናገራል፤ ሥጋውንም ያመርረዋል። ቀጭንና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጢስ ደግሞ መልካም ነው። ሁለቱም በ250 ዲግሪ ሊገኙ ስለሚችሉ ለመሣሪያው አንድ ናቸው። ወይራው ሲበዛ ወተቱ እንደሚመር የምታውቅ እናት ግን ልዩነቱን ከሩቅ በአፍንጫዋ ትለየዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ተነሥቶ «ታዲያ የኤሌክትሪክ ምጣዱስ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ ያሉ ብዙ እህቶቻችን ኖርዌጂያኖች ለፍሰ የተባለውን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዝተው ምጣድ አድርገውታል። ሙቀቱን የሚጠብቀው ራሱ ዕቃው ነው፤ እንጀራው ግን እንጀራነቱን አልተወም። ይህ የሆነበትን ምክንያት ስናይ ግን የሁለቱ ነገር ይለያያል። በእንጀራ ሙያው ያለው ሊጡ ላይ ነው። እርሾው፣ አብሲቱ፣ የማፍላቱ ቀን፣ የአጨላለፉ ፍጥነት በጋጋሪዋ እጅ ቀርተዋል። እሳቱ ለእንጀራ ሙቀት ብቻ ነበር፤ ሙቀቱን ኤሌክትሪክ ቢሰጠው አይከፋውም። በስሞከር ግን እሳቱ ሙቀትም ቅመምም ነው። ጨውና በርበሬ ከተነሰነሰ በኋላ ለአብሳዩ የቀረው ሙያ በአብዛኛው እሳቱ ራሱ ነው። ስለዚህ እሳቱን ለማሽን ያስረከበ ሰው ምን እንዳስረከበ ማወቅ አለበት።

ይህን ስል ግን ከተቃዋሚዎቹ ጎን የቆምሁ እንዳይመስልብኝ። «እሳት አጠገብ ያላደረ አብሳይ አይደለም» የሚሉ አሉ። እንቅልፍ ማጣትን እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ፣ መሣሪያ የገጠመውን ሰው የሚያሾፉበት ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚያወድሱት ሌሊት በማን ትከሻ ላይ እንደነበረ ማስታወስ ይበጃቸዋል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በታላላቅ ድግሶች ጉድጓዱ አጠገብ እያደሩ ሥጋውን ሲያገላብጡ የነበሩት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። የዚህ አገር የባርቤኪው ጥበብ ብዙውን የተገነባው በእነሱ እጅ ነው። ወደራሳችንም ብንመጣ፣ የእናቶቻችን የጓዳ ጢስ ትዝታው ቢጣፍጥም ዓይናቸውንና ሳንባቸውን በልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የማብሰያ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ድካምን የሚያቃልል ዕቃ ሁሉ ባህል ያጠፋል ማለት የሌላውን ድካም ከሩቅ ሆኖ ማድነቅ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ታክሲ የሚነዳ ወይም የሆስፒታል የሌሊት ተራ ያለበት ወገን በቀረችው አንዲት ሌሊት አራት ሰዓት ቢተኛ ሊያሳፍረው አይገባም።

እንግዲያስ መሣሪያው የሚጠቅመው የት ነው? አንደኛ፣ ብዙ ሥጋ ለብዙ ሰው በሌሊት ሲበስል ነው። እሳቱ ማንም ሳያውቅ ከደከመ ሥጋው ከ40 እስከ 140 ፋራናይት (ከ4 እስከ 60 ሴልሺየስ) ባለው ክልል ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ባክቴሪያ የሚራባበት ሙቀት ነው። ለሠርግ ወይም ለተዝካር በተጠራ መቶ ሰው መካከል አራስ፣ ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛና አረጋዊ አይታጣም። ሙቀቱ ሲወርድ የሚጮኽ መሣሪያ እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል። ልብ ይበሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው በጩኸቱ እንጂ በአንድ ዲግሪ ትክክለኛነቱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሙቀቱ በእርግጥ ጠባብ ለሆነባቸው ሥራዎች ነው። ዓሣ ቶሎ ይደርቃል፤ ከውስጥ ግን 145 ፋራናይት (63 ሴልሺየስ) መድረስ አለበት። የሥጋ ቋሊማ ምድጃው ከ180 ፋራናይት (82 ሴልሺየስ) በላይ ሲግል ስቡ ቀልጦ ይፈሳል። ቋንጣም ዝቅ ያለና የማይዋዥቅ ሙቀት ይወዳል። በእርጥብ አየር አገር ቋንጣ የሚሠራ ሰው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚመክረውን ቢሰማ መልካም ነው፤ የበሬ ሥጋው ከመድረቁ በፊት 160 ፋራናይት ይድረስ ይላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ላለው ዝቅተኛ ሙቀት የከሰል ማራገቢያ ብዙም አያገለግልም። የሚሻለው ሙቀቱን ከኤሌክትሪክ የሚያገኝ ስሞከር ነው፤ ትክክለኛ መቆጣጠሪያም ቦታው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ሻጮቹ ያላሰቡት፣ የእኛ የራሳችን ነው። ጾመኛ አብሳይ አይቀምስም። ለፋሲካ የሚያበስል ሰው 55 ቀን ጾሞ፣ ከፊቱ ያለውን ፍርምባ ቆርጦ ሊቀምስ አይችልም። ለእርሱ የሥጋው ውስጥ መለኪያ ምላሱ ነው። ይህ ግን ሙሉውን መቆጣጠሪያ ሳይገዙ በአንድ ጥሩ ቴርሞሜትር የሚገኝ ጥቅም ነው።

የፋሲካን ነገር ካነሣን ዘንድ ዋናውን አደጋም እናንሣ። ቅዳሜ ማታ ቤተ ሰቡ ለቅዳሴ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። «መሣሪያው አለልኝ» ብሎ ከሰል የተሞላ ምድጃ ባዶ ቤት ጓሮ ትቶ መሄድን የሚያስብ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። ለዚህ ሰው በግልጽ እላለሁ፤ አይደረግም። መሣሪያው ሙቀት ጠባቂ እንጂ ቤት ጠባቂ አይደለም። የፈሰሰ ስብ ቢነድ፣ ነፋስ ፍንጣሪ ቢያነሣ፣ ምድጃው ከእንጨት አጥር ቢጠጋ ውኃ ይዞ የሚደርስ ሰው የለም። ስልክዎም በቅዳሴው መካከል ዝም እንዲል ተደርጓልና ጩኸቱን የሚሰማ አይኖርም። የሚሻለው የሰዓቱን ስሌት መለወጥ ነው። ከፍርምባ ይልቅ ጎድን መርጦ ቅዳሜ ጠዋት መጀመርና ከሰዓት በኋላ መጨረስ፣ ከዚያም ቆራርጦ ፍሪጅ ማስገባት፣ ሲመለሱ በኦቨን እስከ 165 ፋራናይት (74 ሴልሺየስ) ማሞቅ ይቻላል። እስኪሞቅ ዶሮ ወጡ አለ። ይህ ምንም የማያስወጣ መፍትሔ ነው፤ ግን ሻጭ ስለሌለው ማስታወቂያ አልወጣለትም።

እግረ መንገዴን ስለ ቦታውም ላሳስብ። በብዙ ከተሞች በአፓርታማ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው፤ ውሉን ያንብቡ። ዝናብ ወይም ብርድ ቢሆንም ምድጃውን ጋራዥ ውስጥ አያስገቡ። ከሰል የማይታይና የማይሸት ገዳይ ጋዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ መብራት ጠፍቶባት ሰዎች በቤት ውስጥ ከሰል፣ ጄኔሬተርና መኪና ተጠቅመው በዚሁ ጋዝ ሕይወታቸው አልፏል። ይህን ጋዝ ከቤትዎ የሚያስወጣ መቆጣጠሪያ የለም።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። አዲስ ስሞከር የገዛ ሰው መቆጣጠሪያ አይግዛ። ገንዘቡን በሚከተለው ቅደም ተከተል ያውጣው። መጀመሪያ ጥሩ የሥጋ ቴርሞሜትር ይግዛ፤ በምድጃው ክዳን ላይ ተበይዶ የሚመጣውን ሰዓት መሰል መለኪያ አይመን። ቴርሞሜትሩንም ይፈትነው፤ በረዶ በበዛበት ውኃ 32 ፋራናይት፣ በሚፈላ ውኃ 212 ሊያሳይ ይገባል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ግን ውኃ ቀድሞ እንደሚፈላ አይርሳ። ዴንቨር ላይ 203 ፋራናይት አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይፈላል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩን «ተበላሽቷል» ብሎ እንዳይጥለው። ቀጥሎ የክዳኑንና የበሩን ስንጥቅ ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ይድፈን። ከዚያ ደረቅ እንጨት ያግኝ፤ ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ ጣውላ፣ ሙጫ የበዛበት ጥድም አይጠቀም። ከዚህ በኋላ አምስት ስድስት ጊዜ በእጁ ያብስል። ዶሮና ጎድን ይጀምር፤ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚፈጁ ስለሆኑ ሌሊት አያስመሹም። ቀዳዳው ምን ያህል ሲከፈት ሙቀቱ ስንት እንደሚወጣ፣ ጢሱ መቼ እንደሚነጣ፣ መቼ እንደሚጠራ ይወቅ።

ይህን ካወቀ በኋላ በዓመት ብዙ ጊዜ ለብዙ ሰው በሌሊት የሚያበስል ከሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ጩኸቱን ሊሰማ የሚችል ከሆነ፣ ምድጃውም አየር የማያስገባ ከሆነ፣ ይግዛ፤ ይጠቀምበታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለቤተ ሰቡ ለሚያበስል ግን ትርፍ ዕቃ ነው። ምድጃው በየስንጥቁ ለሚተነፍስበት ሰው ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው። እሳት መጠበቅን ገና ላልተማረ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይጎዳዋል፤ መሣሪያው በተሳሳተ ቀን ስሕተቱን የሚያውቅበት ነገር የለውምና።

ውድ አንባቢ፤ ቁጥር ትክክል መሆኑና ሥጋ መልካም መሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው። መሣሪያ ለሚያውቅ ሰው ረዳት ይሆነዋል፤ ለማያውቅ ሰው ግን ጌታ ይሆንበታል። ዶላርዎን ከማውጣትዎ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ ራስዎን ይጠይቁ። መልሱን ከመደብሩ ይልቅ እሳቱ አጠገብ ያገኙታል።